ሰሚራን ወደ ካርቱም ለማምጣት የሄድሁበት ጉዞ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ላይ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ካርቱም ተነሣሁ። የጉዞዬ ዓላማ አንዲት ደራሲ የልብ ወለዷን መቼት እንድትለውጥ ማሳመን ነበር።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ፤ በሚተርፈኝ ጊዜ ደግሞ ለአንድ አነስተኛ አሳታሚ ረቂቆችን አነብባለሁ። ባለፈው ክረምት ከደሴ አንድ ረቂቅ ደረሰን። ደራሲዋ ሐዋ የምትባል የወሎ ልጅ ናት። ካፉሪ በሚባለው የካርቱም ባለጸጎች ሰፈር በቤት ሠራተኛነት ትኖራለች። ልብ ወለዱን የጻፈችው በስልኳ ላይ፣ በአውራ ጣቷ ነው፤ ደሴ የሚኖር የአጎቷ ልጅ ወደ ወረቀት አስገልብጦ ላከልን።

ታሪኩ ሰሚራ የተባለች ሴት ስም ወደሌላት አንዲት የሰሜን ከተማ ሄዳ ራሷን ስታገኝ የሚያሳይ ነው። ከተማዋ ባቡር አላት፤ በረዶ ይዘንብባታል። ሰሚራ አንድ ክፍል ተከራይታ ቁልፉን በኪሷ ይዛ ትዞራለች። ሐዋ በረዶ አይታ አታውቅም። እኔ ለትምህርት ሁለት ክረምት በረዶ ባለበት አገር ስላሳለፍሁ ስሕተቶቹን አንድ በአንድ ለቀምኋቸው። የሐዋ በረዶ በበር ሥር ሾልኮ ምንጣፍ ላይ ያርፋል፤ አይቀልጥም፤ ሲረግጡት ድምፅ የለውም። ሰሚራ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በመስኮት ከማየት በቀር ምንም አታደርገውም። በገጹ ኅዳግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «በረዶውን ማን ይጠርገዋል?» ብዬ ጻፍሁ።

ለአሳታሚው ያቀረብሁት አስተያየት አጭር ነበር። ደራሲዋ ተሰጥዎ አላት፤ የምታውቀውን ከተማ ትታ የማታውቀውን መጻፏ ግን ጎድቷታል፤ ታሪኩ ወደ ካርቱም ቢዛወር መጽሐፉ ሊታተም ይገባል አልሁ። ሥራ አስኪያጁ በሐሳቤ ተስማሙና ቅድመ ሁኔታ አደረጉት፤ ካርቱም ካልሆነ አይታተምም። ይህንኑ ለሐዋ በስልክ ነገርኋት። «እትዬ፣ እስቲ መጥተው ይዩት» አለችኝ። ለእናቷ «መጽሐፌ ሲወጣ እመጣለሁ» ብላ ቃል የገባች መሆኗን የነገረኝ የአጎቷ ልጅ ነው። ሌሎች ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ ተሸክመው ወደሚገቡበት መንደር እሷ መጽሐፏን ይዛ ልትገባ ነበር ያሰበችው። ስለዚህ ሄድሁ።

ካርቱም፣ ሐሙስ ቀትር

በረራው ሁለት ሰዓት አልሞላም። ስወርድ ሰዓቴን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለስሁ። የአዲስ አበባን ሹራብ ለብሼ ስለነበር ሙቀቱ በሩ ላይ ተቀበለኝ። የባንክ ካርድ እዚያ እንደማይሠራ አስቀድሞ ስለተነገረኝ ለአራቱም ቀን የሚበቃኝን ጥሬ ገንዘብ ይዣለሁ። አምጃድ የሚሏት ትንሽ ሚኒባስ ታክሲ ሾፌር ሦስት መቶ የሱዳን ፓውንድ ጠርቶ በሁለት መቶ ሃምሳ አደረሰኝ። በመንገዳችን አንድ ዳቦ ቤት ፊት ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በሌላ ወገን ተሰልፎ ነበር። ሾፌሩ ወደ ሰልፉ እያመለከተ በተሰባበረ አማርኛ «መንግሥት ተለወጠ፣ ሰልፉ ቀረ» አለኝ። ‹ቀረ› ማለቱ ‹እንዳለ አለ› ለማለት መሆኑ የገባኝ ከሳቁ ነው።

ማረፊያዬ ንጹሕ ነው። የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ስሜን እስኪመዘግብ ድረስ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ወለወለው። ምሳዬን ፉል በዘይትና በነጭ ሽንኩርት በላሁ። ከምሳ ስመለስ ክፍሌ ውስጥ መስኮቱ ተዘግቶ ሳለ ሻንጣዬ ስስ ቡናማ አቧራ ለብሶ አገኘሁት። በመሐረብ ጠረግሁት።

ካፉሪ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ካፉሪ ከጥቁር ዓባይ ማዶ ነው። ድልድዩን ተሻግረን ሰፋፊ ጎዳናዎች ውስጥ ገባን፤ ግንቦቹ ከፍ ያሉ፣ በሮቹ የብረት ናቸው። ሐዋ በነገረችኝ መሠረት አረንጓዴ በር ካለው ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ፊት ቆሜ ጠበቅሁ። ሐሙስ ማታ የሠራተኞች መውጫ በመሆኑ ከየግንቡ የጎን በር ጥቁር ጉፍታ ያደረጉ፣ ፌስታል ያንጠለጠሉ የአገሬ ልጆች አንድ በአንድ ብቅ ይሉ ጀመር።

ሐዋ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ረዘም ያለች፣ ፊቷ ጠይም። አንገቷን ሰበር አድርጋ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። «እንኳን በደህና መጡ» ያለችው በሹክሹክታ ነው። ጥቂት እርምጃ እንደሄድን ከፎቁ በረንዳ ላይ የሴት ድምፅ ስሟን ጠራ።

«ሃድር!» አለች ሐዋ። እሺ፣ መጣሁ እንደማለት ነው። ፌስታሉን ለእኔ ሰጥታ ተመለሰች። ስትመጣ ጀንበር ጠልቃ ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኋት።

«ሪሞት ጠፍቶባቸው። ከተቀመጡበት ትራስ ሥር ነው የነበረው።»

የመንገዱን ማጠፊያ እንዳለፍን ግን ሌላ ሰው ሆነች። ጉፍታዋን ወደ ትከሻዋ አወረደች፤ እርምጃዋ ሰፋ፤ ድምፅዋ ከሆዷ ወጣ። «ያላ እትዬ! አምጃዱ ሳይሞላ! እዚህ አገር ሐሙስ ማታ ወንበር የሚያገኝ የታደለ ነው!» ከኋላዋ ለመድረስ መሮጥ ነበረብኝ። ማረፊያዬ ጋ ስወርድ ለማግስቱ ወደ ዴም እንድመጣ ቀጠረችኝ።

ዴም፣ ዐርብ

ዴም ከድሮ ጀምሮ የእኛ ሰዎች የሰፈሩበት የመሐል ከተማ መንደር ነው። የአማርኛ ዘፈን ከየበሩ ይሰማል፤ በርበሬ የሚፈጭበት ወፍጮ አለ። ሐዋና አራት ጓደኞቿ እዚህ አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተዋል። ክፍሉ ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ ባዶውን ይውላል፤ ሐሙስ ማታ ይከፈትና ዐርብ ሲመሽ ይቆለፋል። በየአሠሪው ቤት የሚያድሩ ብዙዎቹ ሠራተኞች እንዲህ ያደርጋሉ። አራት ፍራሽ፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ትልቅ መስታወት አለ። ሙሉውን ሳምንት የሚከፍሉት ለዚህች አንድ ቀን ነው።

ዐርብ ጠዋት ስደርስ ሦስቱ ነበሩ። የኪራይ ውሉ በስሟ የሆነው ጽጌ የጎንደር ሰው ናት፤ ብዙ ዘመኗን ካርቱም አሳልፋለች፣ ገበያ ውስጥ ቅመም ትሸጣለች፣ በሥራ ቀን የምታድረውም እዚያው ነው። ሰዓዳ የምትባለው ትንሿ ደግሞ አል-ጣኢፍ በሚባል የካርቱም ሰፈር ትሠራለች፤ ገና ዓመቷ ነው፤ ሰው ሲያያት ታቀረቅራለች።

ምሳ በላን፤ ሽሮና አልጫ ነበር። እንግዳ በመሆኔ ጨዋታ ልጀምር ብዬ ወደ ሰዓዳ ዞርሁና «የምትሠሪበት ቤት ሰዎቹ ደግ ናቸው?» ስል ጠየቅኋት።

«ሳህን!» ብለው ሦስቱም በአንድ ድምፅ ጮኹ።

ሰዓዳ ሳትቀር ትስቃለች። እኔ ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም።

«በዚህ ቤት ማዳም አትገባም» አለች ጽጌ ጣቷን ወደ በሩ ቀስራ። «ስሟም፣ ባሏም፣ ድመቷም አይገቡም። የማዳም ቤት ነገር ያነሣ የሁላችንን ሳህን ያጥባል። ሕግ ነው፣ እመቤቴ። ፕሮፌሰርም ቢሆኑ!»

«ፕሮፌሰር አይደለሁም» አልሁ።

«እንግዲያማ ድስቱንም ይጨምሩ!»

አጠብሁ። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ብዬ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ድስቱን ሳይቀር። ሐዋ ልታግዘኝ ስትነሣ ጽጌ ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻት።

ከዚያ በኋላ ንባቡ ተጀመረ። ልብ ወለዱ የተጻፈው እንዴት እንደሆነ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ሐዋ ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ በስልኳ የጻፈችውን ዐርብ ዐርብ ታነብብላቸዋለች፤ እነሱም ይከራከራሉ። ሦስት ዓመት እንዲህ ቆይተዋል። የሰሚራን ከተማ በጋራ ነው የሠሯት። ባቡሩን ያስገባችው ጽጌ ናት፤ «እኔ ሚኒባስ ላይ ተንጠልጥዬ አርጅቻለሁ፣ ሰሚራ ቁጭ ብላ ትሂድ» ብላ። ከሻ ማለትም የፖሊስ አፈሳ የሌላት ከተማ እንድትሆን የጠየቀችው ሰዓዳ ናት። በዚያች ከተማ ፖሊስ ሰሚራን ያስቆማት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የወደቀ ጓንቷን ሊሰጣት።

ሐዋ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ አነበበች፦ «ሰሚራ መስኮቱን ከፈተች። ነጩ ነገር ከተማውን ሁሉ አልብሶታል፤ በበሩ ሥር ገብቶ ምንጣፉ ዳር ደርሷል። ማንም አልጠራትም። ተመልሳ ተኛች።»

«ተኚ፣ እናቴ!» አለች ጽጌ። «ተኚ! እስከ ቀትር!»

ሰዓዳ እጇን አጨበጨበች። ይህን ገጽ ከአሥር ጊዜ በላይ የሰሙት ይመስለኛል።

እኔም ቀይ እስክሪብቶዬን አስታውሼ «ሐዋ፣ በረዶውን ማን ነው የሚጠርገው?» አልኋት።

ገረማት። «ማንም!» አለች። «ማን ብሎ?»

የመጣሁበትን ጉዳይ ከዚህ በላይ ማዘግየት ተገቢ አልመሰለኝም። የአሳታሚውን ቅድመ ሁኔታ ነገርኋቸው፤ የሐሳቡ ምንጭ እኔ መሆኔንም አልሸሸግሁም። ለተማሪዎቼ የማስተምረውንም ጨመርሁ። በልብ ወለድ ውስጥ ባዕድ አገር ገጸ ባሕርዋን ከልማዷ ነጥሎ ያወጣታል፤ ቋንቋው ሲቸግራት፣ መንገዱ ሲጠፋባት፣ ያልነበረ ዐይን ይከፈትላታል፤ አንቺ ደግሞ እውነተኛ ባዕድ አገር ውስጥ ነሽ፤ ለምን ሌላ ትፈጥሪያለሽ? አልኋት።

ጽጌ ከሐዋ ቀድማ መለሰች። «ካርቱም ከሆነ ማዳም ትገባለቻ! በየት በኩል ልታልፋት ነው?»

«አንባቢ የሚፈልገው እሱኑ ነው» አልሁ።

«አንባቢ ይምጣና ሳህኑን ይጠብ!»

ሐዋ አልሳቀችም። ስልኳን በመዳፏ ስታገላብጥ ቆየች። «መጽሐፉ የሚወጣው በዚህ ከሆነ…» አለችና አቋረጠች። ቀጥላም «አንድ ገጽ ልሞክር። እናንተ ሂና ተቀቡ» አለች።

ወጥታ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ሴቶቹ ሂናውን ለወሱ፤ እኔንም እንድቀባ ለመኑኝ፤ የግራ እጄን አመልካች ጣት ብቻ ፈቀድሁ። በበሩ አሻግሬ ሐዋን አያት ነበር። አውራ ጣቷ አያርፍም። ጽሑፉ ይህን ያህል ይፈስሳል ብዬ አልጠበቅሁም ነበርና በልቤ ደስ አለኝ፤ የጉዞዬ ዓላማ የተሳካ መሰለኝ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ገብታ ሳትቀመጥ አነበበች፦

«ንጋት ላይ ሰሚራ ከላይ ተጠራች። ‹ሃድር› አለች። ሻይ አወጣች። ስኳሩ በዛ ተባለች። ‹ሃድር› አለች። ደረጃውን አጠበች፤ መኪናዎቹን አጠበች። ነፋሱ መጣና ደረጃውንም መኪናዎቹንም መልሶ አቧራ አለበሳቸው። ከላይ ተጠራች። ‹ሃድር› አለች።»

እንዲህ እያለ እስከ ማታ ይሄዳል። በገጹ ሁሉ ሰሚራ ከዚያች ቃል በቀር አትናገርም። ሲመሽ ከኩሽናው ጎን ካለችው ጠባብ ክፍሏ ገብታ ጋደም ትላለች፤ የምታስበው ነገር ምን እንደሆነ ደራሲዋም አታውቅም። ገጹ እዚያ ላይ ያበቃል።

«ሳህን» ብሎ የጮኸ አልነበረም። ሰዓዳ ሂና የተቀባ እጇን አየር ላይ እንደዘረጋች ቀርታ «ይቺማ እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ።

ሐዋ ስልኩን ፍራሹ ላይ አኖረች። ማንም ሳይላት የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ቧንቧው ሄደች፤ አጠበቻቸው። ጽጌ ልትከለክላት ብድግ ብላ ነበር፤ መልሳ ተቀመጠች።

እየተቀባበልን ብርጭቆ ስናደርቅ ሐዋ ጠየቀችኝ። «እውነቱን ይንገሩኝ፣ እትዬ። የትኛዋ ትበልጣለች?»

ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሳነብ ኖሬያለሁ፤ መልሱ አስቸጋሪ አልነበረም። «አጻጻፉ የአሁኑ ይበልጣል» አልኋት። «በጣም ይበልጣል። አንድ ቃል አላወጣም፣ አንድ ቃል አልጨምርም።»

«ሰሚራስ?»

«ሰሚራ የድሮዋ ትበልጣለች» አልሁ። «በዚህኛው ውስጥ… የለችም።»

«እኔም ፈልጌ አጣኋት» አለች ሐዋ። «ወላሂ እትዬ፣ ጠርቼያት ነበር። የምትመልስልኝ ‹ሃድር› ብቻ ነው።»

እስከ እሑድ ጠዋት እንደምትወስን ነገረችኝ። ከዐሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ክፍሉ ተቆለፈ።

ሙግረን፣ ቅዳሜ

ቅዳሜ ሐዋ ሥራ ላይ ስለነበረች ቀኑ የራሴ ሆነ። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበትን ቦታ፣ ሙግረንን፣ ለማየት ሄድሁ። እውነቱን ለመናገር ይህ ቦታ በረቂቁ ላይ ካሰብኋቸው ማሻሻያዎች አንዱ ነበር፤ ሰሚራ እዚህ ቆማ የሁለቱን ውኃዎች መቀላቀል እያየች ስለ ራሷ አንድ ነገር ትረዳለች ብዬ አቅጄ ነበር። ጥቁር ዓባይ ደፍርሶ፣ ነጩ ፈዞ፣ ጎን ለጎን ጥቂት ይሄዳሉ። ያማረ ነው። ሐዋን በልቤ ከጎኔ አቆምኋት። የመመለሻ ሰዓቷን እያሰበች፣ ፌስታሏን እንደያዘች፣ ከወንዙ ይልቅ መንገዱን ስታይ ታየችኝ።

ከዛፍ ሥር ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ቶብ የሚሉትን የአገሩን ረጅም ልብስ፣ ቀለሙ የደበዘዘውን፣ ተከናንባለች፤ በዝቅተኛ የገመድ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ቅርንፉድና ዝንጅብል ያለበት ሻይ ቀዳችልኝ። በጥቂቷ አረብኛዬ ተግባባን።

«ብቻሽን ነሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ባልሽ የት ነው?»

«የለኝም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ስኳር ጨመረችልኝ። ይሁን ምረቃ፣ ይሁን ቀልድ፣ አልጠየቅሁም።

ስልኬ በዚያ አገር መስመር አይሠራም። ጠረጴዛዬ ላይ የሚጠብቀኝ ወረቀት አልነበረም። ነፋሱ ከበረሃ በኩል አቧራ እያመጣ ጫማዬንና ቀሚሴን አለበሰው፤ ልጠርገው ሳስብ ተውሁት። ለምን እንደተውሁት አላውቅም። ምንም ሳላርም፣ ኅዳግ ላይ ምንም ሳልጽፍ፣ ሁለተኛውን ሻይ ጠጥቼ ሦስተኛውን አዘዝሁ። እንዲህ ከተቀመጥሁ ስንት ዘመን እንደሆነኝ ላስታውስ ሞክሬ አቃተኝ። የሻይዋ ባለቤት ሳቀችብኝ፤ እኔም ሳቅሁ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ታየኝ። ካርቱም ለእኔ የሰሚራ ከተማ ናት። እዚህ የሚጠራኝ የለም፤ መንገዱን አላውቀውም፤ ማንነቴን የሚያውቅ ሰው የለም። ስለ ባዕድ አገርና ስለ ራስ ፍለጋ በክፍል ውስጥ የማስተምረው ሁሉ እዚህች የገመድ ወንበር ላይ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን የመመለሻ ቲኬት በቦርሳዬ ስላለ ነው። ሐዋ በዚህችው ከተማ ብዙ ዓመት ኖራለች፤ ለእሷ ግን ከተማዋ የሥራ ቦታዋ ናት። ሰሚራ ራሷን የምታገኝበት ባዕድ አገር ቢያስፈልጋት፣ ከዚህ ሌላ መፈለጓ የሥነ ጽሑፍ ስሕተት አይደለም።

ካፉሪ፣ እሑድ ጠዋት

በረራዬ ቀትር ላይ ስለነበር ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሻንጣዬን ይዤ በአረንጓዴው በር ፊት ወረድሁ። ሌሊቱን ነፋስ ነበር። ጎዳናው፣ ግንቡ፣ የወይራ ችግኞቹ፣ ሁሉም በአንድ ዐይነት አመድማ ዱቄት ተሸፍነዋል። ፀሐይ ገና ስላልበረታች ከሩቅ ሲያዩት ነጭ ይመስል ነበር።

በሩ ክፍት ነው። ሐዋ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ ደረጃውን ትጠርጋለች። ከደረጃው ወደ መኪናዎቹ፣ ከመኪናዎቹ ወደ በሩ ሥር። ዱቄቱ በበሩ ሥር ሾልኮ ውስጥ ድረስ ገብቷል። ሲረግጡት ድምፅ የለውም።

እዚያው እንደቆምሁ ቀረሁ። ለሦስት ወር በቀይ ሳርመው የኖርሁትን በረዶ አየሁት።

ሐዋ መጥረጊያዋን ይዛ ቀረበችኝ፤ የምትናገረው ቶሎ ቶሎ፣ ዐይኗን ወደ በረንዳው እየወረወረች ነው። «ያቺን ገጽ በቴሌግራም ልኬልዎታለሁ። ለአለቃዎ ያንብቡላቸው።»

«ለመጽሐፉ?»

«አይ፣ አይ! ለመጽሐፉ አይደለችም። እሳቸው ከሰሙ በኋላ እርስዎ ያጥፏት። ትችላለች፣ ችላ ነው የተወችው እንዲሉ ብቻ።»

«እምቢ ቢሉስ፣ ሐዋ?»

መጥረጊያዋን ወደ መሬት መታ መታ አደረገች። «ረቂቄን ይመልሱልኛ። እናቴም ትጠብቅ፤ ጠብቃ ታውቃለች። ሰሚራን እዚህ ቤት ቀብሬ፣ መጽሐፍ ይዣለሁ ብዬ ልግባ? ምን ፊት አለኝ! እነ ጽጌስ ዐርብ ዐርብ የት ይሂዱ?»

ከፎቁ ስሟ ተጠራ።

«ሃድር!» አለች ወደ ላይ። ወደ እኔ ዞር ብላ ደግሞ በዴሙ ድምፅዋ «አብሽሩ እትዬ፣ ያላ፣ አውሮፕላኑ እንዳያመልጥዎት!» አለችና ሁለት ጉንጬን ሳመችኝ። የአምጃዱ በር ሲዘጋ መጥረጊያው እንደገና ይሰማ ነበር።

አዲስ አበባ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገባሁ። ብርድ ነበር። ሻንጣዬን ስከፍት የካርቱም አቧራ በልብሶቼ ስፌት ውስጥ አብሮኝ መጥቷል። አመልካች ጣቴ ላይ ያለው ሂና ቡናማ ሆኖ በስሏል። ሥራዬን የምሠራው በቀኝ እጄ በመሆኑ ማንም ልብ አይለውም ብዬ ነበር፤ በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ያዩት እሱን ነው።

ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ቢሯቸው ገባሁና የካርቱሙን ገጽ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። እየሰሙ ከወንበራቸው ቀና አሉ።

«ይህን ነው ያልሁት!» አሉ። «ይህን ነው የምንፈልገው! ሌላውን መቼ ታደርስልናለች?»

«ሌላ የለም። ይኸኛውም የሚታተም አይደለም» አልሁና በፊታቸው ከስልኬ አጠፋሁት። «መጻፍ አቅቷት እንዳልሆነ እንዲያውቁ ብቻ ነው የላከችልዎት። መጽሐፉ እንዳለ ይሁን ወይም ይመለስላት። ያቀረብሁትን አስተያየት አንሥቻለሁ።»

በጣም ተከራከርን። እንዲህ ዐይነት ክርክር ከእሳቸው ጋር አድርጌ አላውቅም፤ ድምፄም ከለመድሁት ከፍ ሳይል አልቀረም። «በረዶውን የሚያምን አንባቢ ከየት ይመጣል?» አሉኝ። እኔ አምኛለሁ አልኋቸው፤ ሁለት ክረምት በረዶ ያየሁት እኔ። በመጨረሻ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሹ። ይታተም፤ ነገር ግን በጥቂት ቅጂ፤ በጀርባ ሽፋኑ ላይ ደግሞ ደራሲዋ ካርቱም ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ መሆኗ በጉልህ ይጻፍ አሉ።

«ሳህን» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። «አይጻፍም» አልሁ በምትኩ። «ማዳም በሽፋኑም በኩል አትገባም።»

ነገሩ ባይገባቸውም ፈገግ አሉ። እንዲህም ተወሰነ፦ ሽፋኑ ላይ የሐዋ ስም ብቻ ይሆናል፤ ባቡሩ ይቆያል፤ ፖሊሱ ጓንቱን ያነሣል። ረቂቁን ወደ ጠረጴዛዬ ወስጄ ያን ገጽ ከፈትሁና «በረዶውን ማን ይጠርገዋል?» የሚለውን ጥያቄዬን ሰረዝሁ። ሰሚራ ተመልሳ ትተኛለች፤ በረዶውም እንደተጻፈው ይዘንባል።